ከጋቢው ሥር

ቢፍቱ ሾላ ገበያ፣ ቅመም ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሩብ ኪሎ ኮረሪማ በእጇ ዘግና ሚዛን ላይ ስታደርግ ከጥቂት ፍሬ በላይ አትሳሳትም። ስለዚህ በወለደች በአምስተኛው ቀን ጠዋት ልጇን ከአልጋ ስታነሣ እጇ የነገራትን መጠራጠር አልቻለችም። ባርኮት ቀልላለች።

ዳይፐሯን ፈታች። ትናንት ከቀትር በኋላ ያሰረችላት ነው። ደረቅ ነው።

"ጠባች?" አሉ አማቷ እማማ በለጡ ከጓዳ።

"ጠብታ ተኛች፣ እማማ።"

ልጅቷ ጡት ትይዛለች፣ ጥቂት ትመጠምጣለች፣ ከዚያ ለቃ ታለቅሳለች። ከትናንት ማታ ወዲህ ግን ማልቀሱንም ትታዋለች። ቢፍቱን ያስፈራት ዝምታዋ ነው። የራሷ የጡት ጫፍ ተሰንጥቆ ደም አውጥቷል፤ እሱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

በእማማ በለጡ ቤት አራስ ሰው እያየ አታጠባም። የሰው ዐይን ይወጋል ይላሉ። የፈረንሳይ ለጋሲዮን አቀበት ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጎረቤት ሲወጣ ሲገባ ይውላል፤ ቢፍቱም ከወለደች ጀምሮ የምታጠባው ጋቢ ተከናንባ፣ በዳበሳ ነው። ልጇ እንዴት እንደምትጎርስ አይታ አታውቅም።

አራት ሰዓት ላይ ጵርስቅላ መጣች፤ በየቤቱ እየዞረች አራሶችን የምታይ የጤና ባለሙያ ናት። ተንጠልጣይ ሚዛኗን መቃኑ ላይ ሰቅላ ልጅቷን መዘነቻት።

"ስትወለድ ስንት ነበረች?"

"ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ።"

"አሁን ሁለት ከስምንት መቶ ናት። መጀመሪያ ላይ መቀነስ ያለ ነው፤ ይሄ ግን በዝቷል። ሽንትስ?"

ቢፍቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ከትናንት ወዲህ የለም፣ ሲስተር።"

እማማ በለጡ ዞረው አዩዋት። "ጠብታለች አላልሽኝም?"

"ፈርቼ ነው።"

"ማንን? እኔ ጅብ ነኝ?"

"አጥቢያትና ልይ" አለች ጵርስቅላ።

ቢፍቱ ጋቢውን ወደ ራሷ ሳበች።

"ያለ ጋቢ።"

"ሲስተር፣ ዐይን አለ" አሉ እማማ በለጡ።

"የእኔን ዐይን ነው የሚፈሩት?"

"ያንቺን በምን አውቄው!"

"እንግዲያው ሆስፒታል ትግባ። እዚያ ሃያ ዐይን ነው የሚያያት።"

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ በሩን ዘግተው ጀርባቸውን አስደገፉበት። "በሉ ቶሎ ጨርሱ።"

ጋቢው ወረደ። ባርኮት የያዘችው የጡቱን ጫፍ ብቻ ነበር። ጵርስቅላ አስለቀቀቻት፤ አፏ በሰፊው እስኪከፈት ጠብቃ ወደ ጡቱ አስጠጋቻት። ቢፍቱ ከሕመሙ የተነሣ ጥርሷን ነከሰች። ሕመሙ ቀስ በቀስ ቀለለ። ከልጅቷ ጉሮሮ ትንሽ ድምፅ ወጣ፤ ደግሞ ሌላ።

"እየዋጠች ነው" አለች ጵርስቅላ። "በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሺያት። ልጅ በዚህ ዕድሜው በቀን ስድስት ጊዜ መሽናት አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ከሌለ እኔን አትጠብቂ፤ ይዘሻት ሆስፒታል ሩጪ።"

ስድስት ሰዓት ላይ አጠባቻት፤ ዳይፐሩ ደረቅ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ደገመች። ደረቅ ነው። እማማ በለጡ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው በሩ ሥር ተቀመጡ።

ዘጠኝ ሊሆን ሲል ልጅቷን የታቀፈው የቢፍቱ እጅ ሙቀት ተሰማው። ፈታ አየችው፤ ጥቂት፣ ጠቆር ያለ ቢጫ።

"ሸናች?"

"ሸናች።"

"እሰይ፣ እሰይ" አሉ አሮጊቷ፤ ጫማቸውን ግን አላወለቁም።

ቢፍቱ አዲሱን ዳይፐር አስራ እጇን ላዩ ላይ አሳረፈች። ገና አንድ ነው።