የገደሉ ድንክ ጽድ

አሁን ከተማው ሁሉ ዛፍ በሳህን ያሳድጋል። ቦንሳይ ይሉታል አሉ። የልጅ ልጄ አንዱን ገዝታ ሳሎን ጥግ ብታስቀምጠው ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉን አራገፈ። ምን አጥቶ ነው ብትለኝ ፀሐይ አጥቶ ነዋ አልኳት፤ አንቺንስ ጓዳ ዘግተን ውኃ ብቻ ብናጠጣሽ ትለመልሚያለሽ ወይ? ተቆጣችኝ ብላ አኮረፈች። እኔ በእሷ አልተቆጣሁም። ገል ውስጥ የቆመ ዛፍ ባየሁ ቁጥር እናቴ ትመጣብኛለች።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። አባታችን ቀድሞ ሞቷል፤ የቀረነው እናቴ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ነን። ወንድሜ ድጓ ሊማር ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ሊሄድ በተነሣበት ሰሞን ገደል ወርዶ ሁለት ጽድ ነቅሎ መጣ። ቁመታቸው ከስንዝር ብዙ አያልፍም፤ ግንዳቸው ግን እንደ ሽማግሌ ክንድ ተቋጥሯል። ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እየተራቡ ስለኖሩ ወደ ላይ አልሄዱም። አመራረጡን ያሳየኝ ያኔ ነው። ለምለሙን አትይ አለኝ፣ ለምለም ችግኝ ገል ሲገባ ይደነግጣል፤ ችግር የለመደውን፣ ግንዱ ወፍሮ ቁመቱ ያጠረውን፣ ቀጫጭን ሥር የበዛለትን ያዢ። አንዱን በተሰበረ ማድጋ ቂጥ ተክሎ ለእናቴ ተወላት። ሌላውን በግማሽ ቅል አድርጎ ይዞት ሄደ። ከጎጆዬ ደጅ አኖረዋለሁ፣ እሱን ሳይ አንቺን አስብሻለሁ አላት።

ጎረቤት መቼም አፉ አያርፍም። ጽድ የደብር ዛፍ ነው፣ የመቃብር ጥላ ነው፣ ምን ሲሆን ቤት ይገባል፣ ሞት ትጠሪያለሽ አሏት። እናቴ መልስ አታጣም። ታዲያ ውጪ አሳድሬው ያንቺ ፍየል እራቷን ታድርገው ወይ ብላ አንዷን አሳፈረቻት። እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር ውጪ ያደረ ለጋ ነገር ከፍየል ቢተርፍ ከውርጭ አይተርፍም። ደግሞ ጽድ ቤት ውስጥ ብቻ ከዋለ ይጠወልጋል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አቅፋ ደጅ ታወጣዋለች፣ ማታ ከከብቱ ጋር ታስገባዋለች። ጭስ እንዳያንቀው ከምድጃው አርቃ ታኖረዋለች። ውኃም በልማድ አታጠጣውም፤ መጀመሪያ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰዳለች፣ እርጥብ ከሆነ ትተወዋለች። ሥሩ ገሉን ሲሞላው አውጥታ ጫፍ ጫፉን ትከረክምና በአሸዋ የተደባለቀ አዲስ አፈር አልብሳ ትመልሰዋለች። ቅርንጫፉን ግን ብረት አታስነካውም፣ በጥፍሯ ነው የምትቀነጥሰው። ካንዱ ቅርንጫፍ አረንጓዴውን ሁሉ ከጨረስሽበት ያ ቅርንጫፍ አይመለስም እያለች ስንት ጊዜ እጄን መታችኝ።

ከጋይንት በኩል ነጋዴ ሲመጣ ልጄ እንዴት ነው ብላ አትጠይቅም። ልጇን በሰው አፍ ማስገባት ትፈራለች፤ ክፉ ዓይን ያገኘዋል ትላለች። የምትጠይቀው እሱ ይዞት የሄደውን ጽድ ነው። ጸደቀ ወይ ትላለች። ችግኝ ሥር ሲይዝ ጸደቀ አይደል የሚባለው? ነጋዴዎቹም ለምደዋታል። ጸድቋል፣ ልጅሽም ደህና ነው ይሏታል። እሷ የፊተኛውን ብቻ የሰማች መስላ ቤት ትገባና በደስታ ታለቅሳለች።

አንድ ዓመት ከክረምት ጀምሮ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ጠፋ። እናቴ ከሳች። ጽዱን ታወጣለች፣ ታስገባለች፣ በመሃል መንገዱን ታያለች። ገብስ ስንወቃ ደበሎ የለበሰ ተማሪ በአውድማችን በኩል አለፈና የንስሐ አባታችንን ቤት ጠየቀን። እናቴ ከየት ነህ ብትለው ከቤተ ልሔም አለና፣ እኔ ወንድሜን መምሰሌን አይቶ፣ ከልጅዎ ጋር ባንድ ጎጆ የምንኖር ነን አላት። ከዚያ በኋላ መች አስጨርሳው።

«ጸደቀ ወይ?»

ተማሪው አንገቱን ደፋ። ኋላ እንደነገረኝ፣ ወሬው ቀድሞት የደረሰ፣ ሐዘንተኛ እናት የልጇን ነፍስ የምትጠይቀው መስሎት ነው። ሊያጽናናት ብሎ፣

«ጸድቋል እማማ፣ አይጠራጠሩ» አላት።

እናቴ እልል አለች። ተማሪው ቀና ሲል ፊቱ አመድ ሆነ፤ እኔም ያን ፊት አይቼ ክፉ ወሬ መያዙ ገባኝ። እሷ ምኑን አይታ! እጁን ይዛ ቤት አስገባችው፣ ጽዱ ፊት አስቀመጠችው፣ ያኛውስ ቅርንጫፍ አወጣ ወይ፣ ውርጭ አልነካውም ወይ እያለች ትጠይቀዋለች። እሱ አዎ፣ አዎ ይላል። ያቀረበችለትን ምግብ ሳይነካ ተነሣ። ልሸኘው ስወጣ ከአጥሩ ኋላ ነገረኝ። ወንድሜ ለቀለብ ልመና ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ አልዳነም። ቀብረውታል።

በእኛ አገር መርዶ በጠዋት ነው፤ የንስሐ አባት ከፊት ሆኖ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ። ብቻዬን ላርዳት ብልስ በምን አንደበቴ? ተማሪው ወደ ቄሱ ሄደ፣ እኔ ወደ እናቴ ተመለስኩ። ያን ማታ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ጽዱን ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ ወንድምህ ጸደቀልህ አለችው። ምነው ፊትሽ፣ ወንድምሽን ቀናሽበት እንዴ ብላ ቀለደችብኝ። እኔም ሳቅሁላት።

በማግስቱ ጽዱን አቅፋ ደጅ ስትወጣ ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ቄሱ ከፊት፣ ተማሪው ከኋላ። ቄሱ ነገሯት። ገሉን እንዳቀፈች ቆማ ተማሪውን በዓይኗ ፈለገችው።

«ትናንት ጸድቋል ብሎኛል እኮ» አለች።

«አልዋሸሽም ልጄ» አሉ ቄሱ።

«እኔ መች ይጽደቅልኝ አልኩ፣ አባ? ይኑርልኝ ነው ያልኩት።»