በታንኳ ድንጋይ የተነሣ ጠብ

የሚስቴ ወንድም ገና ከመጀመሪያው ቀን አልወደደኝም፤ እኔም አልወደድኩትም። ደብረ ታቦር አጠገብ የነበረኝን እህል ቤቴ እንዲያድሩና እንዲቀለቡ የተመሩ ወታደሮች በልተው ሲጨርሱት፣ ሚስቴን ይዤ ጣና ዳር ወዳለው አባቷ ቤት ወረድኩ። አማቴ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ጉልበታቸው ስለደከመ የደንገል ታንኳቸውን ለእኔና ለልጃቸው በአንድነት ሰጡን።

“ተስማምታችሁ ብሉባት” አሉን።

ልጃቸው መሬት መሬት እያየ ሰማ። ከቤት ስንወጣ ግን፣ “የደጋ ሰው ውሃ የሚያውቀው እንስራ ውስጥ ነው” አለኝ።

ዓሣው የሚበዛው ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ነው። እዚያ ግን ወራጁ ውሃ ታንኳዋን እየገፋ ወደ ውስጥ ይወስዳታል፤ አንዱ መንጠቆ ሲጥል ሌላው ያለ ዕረፍት መቅዘፍ አለበት። ስለዚህ አንዳንድ አጥማጆች ሲያደርጉ እንዳየሁት፣ መካከሉ ቀጠን ያለ ድንጋይ ፈልጌ በረጅም ገመድ አሰርኩ። ድንጋዩ ወደ ታች ሲጣል ታንኳዋ ባለችበት ትቆማለች፤ ሁለታችንም እናጠምዳለን።

“ታንኳ በግ ናት እንዴ የምታስራት?” አለኝ። “ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ራሱ ከብዷል፤ አንተ ደግሞ ድንጋይ ትጭንበታለህ። ማዕበል ሲመጣ የታሰረ ወዴት ይሸሻል?”

“ያልታሰረስ? የጧቱ ነፋስ ከደጋው ሲወርድ ወዴት ይወስድሃል?”

“እኔን ነፋስ አይወስደኝም።”

ጧት ጧት እኔ ድንጋዩን እጭናለሁ፤ እሱ አንሥቶ ዳር ላይ ይወረውረዋል። አንድ ቀን እግሬ ሥር ወረወረው። አማቴ ጩኸታችን ሲሰለቻቸው ወጥተው፣ “ድንጋዩን ጫኑት፤ ቢላም ከገመዱ አጠገብ ይኑር፤ ሲጨንቃችሁ ቆርጣችሁ ትሸሻላችሁ” ብለው ፈረዱ። ቢላውን እሱ ቀድሞ አነሣና ወገቡ ላይ ሻጠው። አነሣሡ ደስ አላለኝም።

በዐቢይ ጾም ደብረ ታቦር የሰፈረው ሠራዊት በሥጋ ፋንታ ዓሣ አጥብቆ ስለሚፈልግ፣ ከሰዓት በኋላም መውጣት ጀምረን ነበር። እንዲህ ባለ አንድ ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ተነሣ። ማዕበሉ የታንኳዋን አፍንጫ እያለፈ ገባ። ድንጋዩን ልስብ ብዬ ተነሣሁ፤ አለት መካከል ተቀርቅሮ እምቢ አለ። ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ተንጋለልኩ። በዚያው ቅጽበት ቢላው ብልጭ ሲል አየሁ። ገመዱ ተበጠሰ፤ እኔም በጀርባዬ ውሃ ውስጥ ገባሁ።

ዋና እምብዛም አላውቅም። ብቅ ስል መቅዘፊያውን ዘርግቶልኛል።

“ያዝ፣ ድንጋይ አምላኪ!”

ያዝኩ። አውጥቶኛል፤ አልክድም። ነገር ግን “ልቆርጥ ነው” ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ዳር እንደደረስን በዚያው በመቅዘፊያው ትከሻውን መታሁት። እሱም ጉሮሮዬን ያዘኝ። መረብ የሚጠግኑ ሰዎች መጥተው ባይገላግሉን ኖሮ ከሁለታችን አንዳችን እዚያው እንቀር ነበር።

ሚስቴ ልብሴን እየጨመቀች፣ “አንዳችሁ ስትሰጥሙ፣ ለተረፈው እኔ እንጀራ አልጋግርም” አለች። ወንድሟም በር ላይ ቆሞ ሰማት።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ታንኳዋን ለእሱ፣ የአማቴን መረብ ለእኔ አደሉ። ከሚስቴ ጋር ደንገል አጭደን፣ አድርቀን፣ የራሴን ታንኳ አሰርኩ። ድንጋዬን ጫንኩ፤ ገመዱን ግን አንድ ጊዜ ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ ቋጠርኩት። ይህን ያስተማረኝ የእሱ ቢላ ነው፤ እንዲሰማ ግን አልፈለግሁም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጧት ነፋሱ ከደጋው በኃይል ወረደ። እኔ ወንዙ አፍ ላይ ታስሬ ቆሜያለሁ። እሱ ድንጋይ ያልጫነች ታንኳውን ወደ ዳር ይቀዝፋል፤ ነፋሱ ግን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱ ላብ በላብ ነበር።

“ገመድ ልወርውርልህ!” አልኩት።

“ለራስህ አንገት አድርገው!”

አለፈ። እያነሰ እያነሰ ሄዶ ከዓይኔ ጠፋ። ተከትዬ አልሄድኩም፤ በዚያ ነፋስ የሄደ አይመለስም። አማቴ ዳር ላይ ቆመው ስሙን ይጣራሉ። ሚስቴ አለቀሰች። እኔ ግን አላዘንኩም፤ ሞቶ እንኳ በእኔ እንደሚያሳብብ እያሰብኩ ስናደድ ዋልኩ።

በማግስቱ እግሩ አብጦ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ለብሶ፣ በእግሩ መጣ። ከሰዓት በኋላ የተነሣው ነፋስ መልሶ ከእኛ ርቆ ያለ ረግረግ ላይ ጥሎት ነበር። እናንተ ደኅና ናችሁ እንኳ ሳይል ወደ እኔ ዞረ።

“ነፋስ ወሰደኝ፤ ነፋስ መለሰኝ። ድንጋይህ ምን አደረገልኝ?”

“ጠይቄህ እምቢ አልክ።”

“ብሞት እንኳ ገመድህን አልይዘውም።”

አማቴ በደስታ እያለቀሱ በግ አሳረዱ። ወጡ ሲቀርብ እንጀራውን ቆርሰው ሁለታችንም በአንድ ገበታ እንድንቀመጥ ለመኑን፤ “ልጆቼ፣ ለእኔ ብላችሁ” አሉ። እሱ እጁን ታጠበ፣ ውሃውን አራገፈና ሳይቀምስ ተነሥቶ ወጣ። እኔም ልነሣ አስቤ ነበር፤ ስለቀደመኝ እስከ ማታ ስበሳጭ ዋልኩ።