የአክስቴ አይዞሽ

ቀን ሙቀቱ የምሠራበትን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ሲያግለው፣ ከማዋለጃው ክፍል መጋረጃ ጀርባ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ» የሚል ድምፅ ይመጣል። የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ ምጥ የያዛትን ሁሉ ወገቧን እያሸች የምትለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ቃሉ ጆሮዬ በገባ ቁጥር ትከሻዬ ይኮማተራል፣ ዝናብ የነካው ጋቢና የናፍታሊን ሽታም ከየት መጣ ሳይባል አፍንጫዬን ይሞላዋል። እዚህ አፋር፣ ሎጊያ ላይ ዝናብ የለም፣ ጋቢ የሚለብስም የለም። ሽታው ካደግሁበት ከአምቦ የመጣ ነው።

ሰው ቃል ይጠላል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነርስ «ዝልግልግ» የሚለውን ቃል ከሰማች ምሳዋን ትተዋለች፤ እኛም ይህን እያወቅን ልክ ስትጎርስ ጠብቀን እንለዋለን፣ እንስቃለን። የእሷስ ቀላል ነው፤ ቃሉ ራሱ አፍ ውስጥ ሲገላበጥ ያስጠላል። «አይዞሽ» ግን ምኑ ያስጠላል? ለንስሐ አባቴ ስናገር እሳቸውም ሳቁ። «ልጄ፣ የምትጠዪው ቃሉን ነው ወይስ ያለውን ሰው?» ሲሉኝ «ቃሉን ነው አባ» ብዬ መለስኩ። በንስሐ ላይ መዋሸት ኃጢአት ነውና እዚህ ላስተካክለው፤ ሴትዮዋንም እጠላታለሁ።

ሴትዮዋ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ወለቱ ናት። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፣ ፊት ለፊትም አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፤ በጽሑፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ጉደር ላይ እህል ቤት ነበራት፣ ልጆቿ አድገው ከቤት ወጥተውላታል፣ ሠራተኛ ደግሞ እሷ ዘንድ ከሁለት ወር በላይ አይበረክትም ነበር።

አባቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ እኔ አሥር ዓመት በሆነኝ ክረምት፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣ በጉበት በሽታ ሞተ። እናቴ በረንዳችን ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። ነሐሴ ሲገባ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ መስከረም ሲጠባ የኢሬቻ ቀሚስ ይበዛባታል፤ በተረፈው ጊዜ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ልጆች ሱሪ ሊያስጠብቡ ይመጡና «እትዬ፣ ባለፈው ያጠበብሽልኝን በሳሙና ነው የገባሁበት» እያሉ ያስቋታል፤ እሷም መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች «እግርህ ነው የወፈረው» ትላቸው ነበር። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከቆመ ቤታችን የታመመ ይመስለኝ ነበር።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበ ሳለ፣ እትዬ ወለቱ ጋቢዋን እንደተከናነበች ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ «ሰናይትን ለእኔ ስጪኝ» አለቻት፤ ሰናይት እኔ ነኝ። «ብቻሽን ሆነሽ ምን ታደርጊያታለሽ? እኔ ላሳድጋት።»

እናቴ ዓይኗን ጠርጋ «እትዬ፣ እሷስ ከእኔ አትለይም» አለች። «ይህቺ መኪና እያለችልኝ እኔና ልጄ አንራብም።»

አክስቴ ዞር ብላ መኪናዋን አየቻት፤ ቅዳሜ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ዓይኑን በበጉ ወገብ ላይ እንደሚያሳርፈው አድርጋ አየቻትና እናቴን ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች «አይዞሽ» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ በመጣ ቁጥር ከቤታችን አንድ ነገር ይወጣ ነበር። የአባቴ ሬዲዮ «ድምፁን ስትሰሚ ታለቅሻለሽ፣ አይዞሽ» ተብሎ ሄደ፣ የቆዳ ጃኬቱ ለታላቁ ልጇ «መታሰቢያ ትሁነው፣ አይዞሽ» ተብላ ሄደች፣ ዶሮዎቹም ሳይቀሩ «በዚህ ሐዘን ማን ይጠብቃቸዋል» ተብለው እግራቸው ታስሮ በጉደር ሚኒባስ ተጫኑ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ እናቴን በኦሮምኛ የሰናይት እናት ስትል፣ «ሃዳ ሰናይት! ይህቺ ሴትዮ አይዞሽ ባለች ቁጥር ዕቃ ይጠፋል እኮ! እኔ እንኳ ሳስነጥስ እንዳትሰማኝ ፈርቼ አፌን ይዣለሁ» ስትል እናቴ በሐዘን ልብሷ ውስጥ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

አዴ ጫልቱ እኔን ስታጽናናኝ «ጃባዱ፣ ኢንተላ ኮ» ትለኝ ነበር፤ በኦሮምኛ በርቺ ልጄ ማለት ነው፣ ያው አይዞሽ ነው። ብላው ስታበቃ ግን የተጠበሰ በቆሎ እጄ ላይ ታኖር ነበር እንጂ ከእጄ ምንም አትወስድም ነበር። ስለዚህ ያንን ቃል ዛሬም መንገድ ላይ ከአንድ ሹፌር አፍ ብሰማው ደረቴ ይሞቃል።

እናቴ ለእትዬ ወለቱ የምትመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነበር፣ «እግዜር ይስጥልኝ።» ሌላ ምን ትበል? የሚሰድብሽን ትመልሺለታለሽ፣ የሚሰርቅሽን ትጮሂበታለሽ፤ አይዞሽ ያለሽን ሰው ግን አመስግነሽ ከመቀመጥ በቀር መልስ የለሽም። አክስቴ ይህን ታውቅ ነበር። አታውቅም ነበር የሚሉኝ ዘመዶች አሉ፤ እኔ ግን ፊቷን አይቻለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአርባው ተዝካር ደረሰ። የነፍስ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው እናቴን «ልጄ፣ ራስሽን አታስጨንቂ፣ ለጥቂት ድሆች ንፍሮና ዳቦ ብትሰጪ፣ እኛም እንጸልያለን፣ ይበቃል» አሏት። እትዬ ወለቱ ከጓዳ ወጣች። «አባ፣ ለእርስዎ ይበቃዎት ይሆናል» አለች፤ «ወንድሜ ግን እንደ ውሻ ተቀብሮ አይቀርም። በሬ ሳይታረድ ጉደር ላይ በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ?» እሳቸው ደጋግመው ቤተ ክርስቲያን በሬ አትጠይቅም ቢሏትም እሷ ወደ እናቴ ዞራ «ወይስ አንቺም ለባልሽ ነፍስ ንፍሮ ይበቃዋል ትያለሽ?» ስትል፣ እናቴ አንገቷን ደፋች።

በሬው በአክስቴ ገንዘብ ከጉደር መጣ። መኪናዋም ወደ ጉደር ሄደች፤ «እስክትጽናኚ እኔ ዘንድ ትቀመጥ» ተባለ። ሁለት ሰዎች ባጃጅ ላይ ሲጭኗት እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር፣ አክስቴም ክንዷን ይዛ ያንን ቃሏን አለቻት፣ እናቴም አመሰገነቻት። በተዝካሩ ቀን ከድንኳኑ እየወጣ የሚሄደው ሁሉ «እህት ማለት እንዲህ ነው» ይል ነበር። እኔ ሥጋውን አልበላሁም፤ ማንም አላስተዋለኝም።

ለአባቴ ነፍስ ዛሬም ስሙን ጽፌ ለቅዳሴ እሰጣለሁ። ለሙታን መጸለይን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የዚያ በሬ ደም ግን ወደ አባቴ የደረሰ አይመስለኝም፤ ጉደር ላይ የቀረ ይመስለኛል።

መኪናዋ ከሄደች በኋላ የሆነው ቀላል ነው። እናቴ በየሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች፣ ጥቅምት ላይ ውርጩ እጇን ሰነጣጠቀው፣ ምሽት ስትመለስ ጣቶቿ አይታጠፉም ነበር። እትዬ ወለቱ በኅዳር መጥታ እጆቿን አየች፣ ባዶውን መሶባችንን ከፍታ አየች፣ ከዚያ «አሁንስ?» አለች። በለቅሶው የጠየቀቻትን እኔን ማለቷ ነበር። እናቴ ቀሚሴን አጣጥፋ በፌስታል አደረገችልኝ፣ እስከ ሚኒባሱ ድረስም አብራኝ መጣች፣ ሚኒባሱ ሲነሳ ግን ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ መሬት ታይ ነበር።

ከአምቦ ጉደር ሩብ ሰዓት ነው። ይህን የምለው ሩቅ አገር የተላክሁ እንዳይመስላችሁ ነው፤ ለእናቴ ሩብ ሰዓቱን ለመምጣት አምስት ወር ፈጀባት።

አክስቴ አልደበደበችኝም፣ አላስራበችኝምም፤ ይህንን ዋሽቼ እግዚአብሔርን አላስቀይምም። ጠዋት እህል ቤቱን እጠርግ ነበር፣ ጆንያ እሰፋ ነበር፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት እሄድ ነበር፣ ስመለስ የቆሸሸው ዕቃ ይጠብቀኝ ነበር። የእናቴ መኪና ሳሎኑ ውስጥ በዳንቴል ተሸፍና፣ የላስቲክ አበባ ያለበት የአበባ ማስቀመጫ አናቷ ላይ ተቀምጦባት ነበር። በዚያ ቤት አንድም ቀን አልተሰፋባትም። አቧራዋን የምጠርግ እኔ ነበርኩ። ሰው ከሌለ የጎን መዘውሯን በጣቴ ገፋ አድርጌ አንድ ዙር አዞራት ነበር፣ አክስቴ ኮቴዋ ሲሰማኝ አቆም ነበር።

ፋሲካ ሲደርስ እናቴ መጣች። ነጠላዋ ታጥቦ ነበር፣ እጆቿን ቅቤ ቀብታቸዋለች። በሩን እኔ ከፈትኩላት፣ ግንባሬን ሳመችና በጆሮዬ «መኪናዋን ልጠይቃት ነው፤ ከሰጠችኝ ነገውኑ እወስድሻለሁ» አለችኝ። ጠላ ይዤ ተመለስኩ። ፌስታሌን በልቤ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

«እትዬ» አለች እናቴ፣ «እንግዲህ እግዜር ይመስገን ተጽናንቻለሁ። ያቺን መኪና...»

አክስቴ ጠላዋን ቀምሳ አስቀመጠችና ሳቀች። «እኔ ደግሞ ልጅሽ ናፍቃሽ የመጣሽ መስሎኝ!» አለች። «በዓመት በዓል ቀን ለብረት ነው የመጣሽው? ሰኒዬ፣ ሰማሽ? እናትሽ የመጣችው ለብረቷ ነው።»

እናቴ ቀላች። «ኧረ አይደለም፣ እትዬ፣ እኔ...»

«ውሰጃት፤ ማን ይከለክልሻል? የወንድሜን ተዝካር ያወጣሁበትን በሬ ግን አብረሽ ነይና መልሽልኝ። አትችዪም? እንግዲያው በዓል አታበላሺ።» ከዚያ ተነስታ መጥታ እናቴን ትከሻዋን አቀፈቻት፤ ጋቢዋ ናፍታሊን ይሸት ነበር። «አይዞሽ። አይዞሽ፣ የኔ እህት።»

እናቴን አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ሰው እንዲናገር የፈለግሁበት ጊዜ የለም። ተሳደቢ፣ አልቅሺ፣ ማስቀመጫውን ከነአበባው ጣይው፣ ወይም እጄን ይዘሽ ብቻ ውጪ፤ እነዚህን ሁሉ በዓይኔ ነገርኳት። እናቴ አንገቷን ደፍታ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች፣ ጠላዋንም ጨርሳ ሄደች።

ቃሉን የጠላሁት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የአክስቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የእናቴም ሆነ።

ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ የአክስቴ ትንሹ ልጅ ሚስት አግብቶ ወደ ቤት ሊመለስ ሆነና የምተኛባት ክፍል ተፈለገች። «ትልቅ ሆነሻል፣ ለእናትሽ መመለስ ይሻልሻል» ተባልኩ፤ የመጨረሻውን አይዞሽም ከደጃፉ ላይ ተቀበልኩ። እናቴ አምቦ መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ፤ እኔ ከእሷ ቁመት በልጬ ነበር፣ የቱ ጋ እንደምትስመኝ ግራ ገብቷት መጨረሻ ላይ እጄን ጨበጠችኝ።

ዛሬ እናቴ ከእኔ ጋር ናት፤ ባለፈው ዓመት ሎጊያ አመጣኋት። አብረን እናስቀድሳለን፣ አብረን እንጾማለን፣ የግቢው ሰው «እናትና ልጅ እንዲህ ሲከባበሩ አላየንም» ይለናል። ከወር በፊት ከጉደር ተደወለ። እትዬ ወለቱ ግማሽ አካሏ አይንቀሳቀስም፣ አልጋ ላይ ናት፣ የእኔን ስም ትጠራለች አሉ። እናቴ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና «ልጄ፣ ደስ ካለሽ ነው እንጂ... አንድ ጊዜ አይዞሽ ብትያትስ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይማራት» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ማታ ማታ ስሰግድ ስሟን አነሳለሁ። ስልኩን ግን አልተቀበልኩም፤ የምምራትም ከሆነ ያንን ቃል ሳልነካ ነው።

እናቴ አልተቆጣችኝም፣ ራሷ አነጋገረቻት። ልጅ ሳለሁ፣ ከጉደር በፊት፣ እንዲህ እምቢ ብላት ጭኔን ቆንጥጣ ታስለቅሰኝ ነበር፤ እሑድ እሑድም ሳትጠይቀኝ ይዛ ጉልበቷ መሃል ታስቀምጠኝና እየጮህኩ ፀጉሬን ትጎነጉነኝ ነበር። ያን ዕለት ስልኩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ የተፈታውን ፀጉሬን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ እጇን አንስታም መለሰችው፣ ከዚያ እንደ እንግዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካላስቸገርኩሽ ልሥራልሽ?» አለችኝ።