ምንጩ ከጠፋ በኋላ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ከባለቤቴና ከስድስት ወር ልጃችን ጋር ላፍቶ ገብተን የጭቃ ቤት ስንሠራ፣ ቧንቧ ገና አልደረሰልንም ነበር። የምንጠጣው ከተራራው ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ ነው። ከምንጩ በላይ ነባሮቹ ገበሬዎች፣ በታች እኛ አዲስ ገቢዎቹ፣ ከሥራችን ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ደግሞ ሌላ መንደር አለ፤ ሁላችንም ከዚያው እንቀዳለን።

በጋው ሲጠና ውሃው ቀጠነ። ጠዋት የተሰለፈ ጀሪካን የሚሞላው እኩለ ቀን ላይ ሆነ። ባለቤቴ ግንበኛ ስለነበር የሰፈሩን ወንዶች አስተባበረ፤ ምንጩን አስፍተው በሲሚንቶ ሊገነቡት ተስማሙ።

ሲቆፍሩ ከላይኛው መንደር አንድ ሽማግሌ ወረዱ። አልተቆጡም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥቂት ካዩ በኋላ ባለቤቴን ጠሩት።

«ልጄ፣ አፉን ጥረግለት እንጂ ጉሮሮውን አትንካው። ከነካኸው ውሃው የት እንደሚወጣ አታውቅም።»

እሱም እሺ አባባ አላቸው፤ ሲሄዱ ግን ዲጅኖውን አነሳ። እኔም ያመንኩት እሱን ነው፤ ሙያው ነዋ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ድንጋይ ፈነቀሉ። ውሃው ደፈረሰ፣ ቀላ፣ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ቆመ። ይመለሳል ብለን ብንጠብቅም አልተመለሰም። ከማዶ የመጡት ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን እንደያዙ አይተውን ተመለሱ። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ቤት ውስጥ ሰሌኑን ሳነሳ ወለሉ ረጥቦ አገኘሁት። ባለቤቴ አንቺ የደፋሽው እጣቢ ነው አለኝ። በማግስቱ ጠዋት የጓዳው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። መሬቱ ላይ ጆሮዬን ባደርግ የሚንፎለፎል ነገር ሰማሁ። ጠራሁት፤ እሱም ተንበርክኮ አዳመጠና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልጅቷን ይዘሽ ውጪ» አለኝ።

ዕቃ አውጥተን ሳንጨርስ የጓዳው ግድግዳ ተደረመሰ። በማግስቱ የቀረውን ልንወስድ ስንመለስ፣ አልጋችን በነበረበት ቦታ ውሃ ፈልቆ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ይቀዳሉ። አንዷ ዕቃዬን እንዳሳልፍ መንገድ ለቀቀችልኝ።

ሀና ማርያም ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። ባለቤቴ ወደ ሽማግሌው ወጥቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም አልወቀሱትም፤ ከእናንተ ቤት በታች ማን አለ ብለው ብቻ ጠየቁት። እሱም ተጣድፎ ወርዶ ከቤታችን በታች ላሉት ጎረቤቶቻችን ውሃው ወደ እነሱም ሊወርድ እንደሚችል ነገራቸው፤ እነሱ ግን ሳቁበት። ክረምቱ ሳይገባ ከእነሱ ሁለቱ ወለላቸው ረጥቦ ቤታቸውን ለቀው ወጡ።