አጥፍቷል ያሉት ሽማግሌ

ኦቦ ጨመዳ በነቀምቴ የሚታወቁት ሰው በማስታረቅ ነበር። ሀብት አልነበራቸውም፤ ሹመትም አልደረሳቸውም። ከገበያው በታች፣ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ይኖሩ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲቋሰሉ፣ ነጋዴ ከነጋዴ ተሰዳድቦ ዱላ ሲማዘዝ፣ መጨረሻ ላይ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። እናቴ ከሸዋ መጥታ እዚያው የቀረች ሴት ነች። «የጨመዳ አፍ ቅቤ ነው፤ የነካው ቁስል ይድናል» ትል ነበር።

ሲያስታርቁ ለምለም ሳር ነጭተው በሁለት እጃቸው ይይዙና የተቆጣው ሰው ደጅ ሄደው ይቆማሉ። ከዚያ «አጥፍቷል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይማሩን» ይላሉ። ሰውየው ያጥፋ አያጥፋ በዚያ ሰዓት አይጠየቅም። ሳር ይዞ የቆመ ሽማግሌ «ልጃችን ንጹሕ ነው» ብሎ ቢጀምር፣ የተቆጣውን ሰው ሐሰተኛ እንዳለው ይቆጠራል። መጀመሪያ ጥፋቱን ይሸከሙለታል፣ ቁጣው ይበርዳል፤ እውነቱ ከዚያ በኋላ ቁጭ ተብሎ ይጣራል። የኦሮሞ ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለምነው። ከጎጃምና ከሸዋ የመጣውም ሰው ለምዶት እንዲሁ ያደርግ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የልጃቸው የድርቤ ባል ታሰረ።

ታፋ ጣውላ ሰንጣቂ ነበር። ዋንዛና ጥቁር እንጨት ባለበት ሁሉ እየዞረ ይሠራል። ከነቀምቴ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ አንድ ወረዳ፣ የመቶ አለቃ ሽብሩ የሚባሉ የፖሊስ አዛዥ የራሳቸውን ቤት ያሠሩ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ጣውላ ታፋ በነፃ ሰንጥቆላቸዋል። ለሁለተኛው ሲጠሩት፣ መጋዙን ከትከሻው ሳያወርድ፣ «ጌታዬ፣ የመንግሥት ሥራ ከሆነ የመንግሥት ትእዛዝ ይምጣ። የቤትዎ ከሆነ ግን እንደ ሰው እንነጋገር» አላቸው።

«እንደ ሰው? እስካሁን እንደ ምን ነበር የተነጋገርነው?»

«እስካሁንማ እርስዎ ሲናገሩ እኔ ስሰማ ነበር።»

አጠገባቸው የቆሙት ፖሊሶች ሳቁ። ታፋን ያሳሰረው ያ ሳቅ ነው እየተባለ በኋላ ሲወራ ኖሯል። በማግስቱ ወሰዱት። ክስ አልቀረበበትም፤ ዳኛ ፊትም አልቆመም። ድርቤ ስንቅ ይዛ ስትሄድ «ምርመራ ላይ ነው» ብለው ይመልሷታል። መስቀል አለፈ፤ ጥቅምትም ገባ፤ ምርመራው አላለቀም።

ነቀምቴ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ወልደሩፋኤል የሚባሉ ጎጃሜ አቤቱታ ጸሐፊ ይቀመጡ ነበር። ድርቤ እሳቸው ዘንድ ሄደች።

«አዴ ድርቤ» አሏት፣ እንደ አገሩ ሰው አክብረው። «እዚህ አገር ሰው የሚያውቀው መክሰስና መለመን ነው። ይሄ ግን ሦስተኛ ነው። አሳሪውን ‹የያዝከውን ሰው ዳኛ ፊት አምጣ፤ በምን ሕግ እንደያዝከው ተናገር› ማለት ነው። አካልን ነፃ ማውጣት ይባላል። በአዲሱ ሕግ ገብቷል።»

«አዛዡን? እኔ ነኝ እንዲህ የምላቸው?»

«አንቺማ ብትያቸው አንቺንም ይጨምሩሻል። ዳኛው ነው የሚላቸው። አንቺ አፍሽን ይዘሽ ጠብቂ። አደራ፣ ማንም ሄዶ ደጅ እንዳይጠና።»

ይህን ለአባቷ ነገረቻቸው። ኦቦ ጨመዳ አዳምጠው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሳይለመን የሚከሰስ ሰው አለ እንዴ?»

«አባ፣ ሰውየው አትሂዱ ብለዋል።»

«ወልደሩፋኤል ወረቀት ያውቃል። ሰውን ግን ወረቀት አያውቀውም። በሰው ፊት ያፈረ ሹም፣ እፍረቱን የሚወጣው በእጁ ባለው ሰው ላይ ነው። ታፋ ደግሞ በእጁ ነው።»

ለልጃቸው ሳይነግሩ፣ አቤቱታው ገብቶ የችሎቱ ቀን ሳይደርስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ወደዚያ ወረዳ ሄዱ። በመንገድ ላይ ሳር ነጩ።

የመቶ አለቃው ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሏቸው። ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠሩት። ኦቦ ጨመዳ ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኝተው፣ ሳሩን ዘርግተው፣ ያቺን ሲሏት የኖሩትን ቃል አሉ።

«ታፋ አጥፍቷል። ጌታውን ደፍሯል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያልመከርኩት እኔ ነኝ። ይማሩን።»

«ምን አጠፋ?» አሉ አዛዡ።

ኦቦ ጨመዳ ደነገጡ። በዕድሜያቸው ሁሉ ሳር ይዘው ሲቆሙ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም።

«እርስዎ ያሉትን ሁሉ» አሉ።

አዛዡ በር ላይ ወደ ቆሙት ፖሊሶች ዞር ብለው «ሰምታችኋል» አሏቸው። ከዚያ ሽማግሌዎቹን በክብር ሸኟቸው፤ «አስብበታለሁ» ብለው።

ኦቦ ጨመዳ የዚያን ለት ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር ትለኛለች እናቴ። በአጥሩ ላይ ጠርተዋት «ሰውየው እንደሚሉት ክፉ አይደለም፤ ተነስቶ ነው የተቀበለን» አሏት።

የችሎቱ ቀን ታፋን አመጡት። ጠውልጓል፤ ልብሱ ሰፍቶታል። ዳኛው ወጣት ነበሩ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። አዛዡን በምን ሕግ እንዳሰሩት ጠየቋቸው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሠራተኞችን ለአድማ አነሳስቷል። ይህን እኔ አይደለሁም የምለው። የገዛ አማቱ ሽማግሌ ይዘው መጥተው ‹አጥፍቷል› ብለው ለምነውኛል። እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ይጠየቁልኝ።»

ኦቦ ጨመዳ ቆሙ። ድርቤ ዞራ አየቻቸው። መሄዳቸውን የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

«ብለዋል?» አሉ ዳኛው።

ኦቦ ጨመዳ ያሉትን ክደው አያውቁም። «ብያለሁ።»

«ምን አጥፍቶ ነው?»

«ጌታዬ፣ ምንም አላጠፋም።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

«ታዲያ ለምን አጥፍቷል አሉ?»

«ለመለመን ነዋ። ሽማግሌ እኮ እንዲያ ነው የሚለምን።»

«አባቴ፣ እኔም የሽማግሌ ልጅ ነኝ። የሚሉት ይገባኛል። እዚህ ግን የሚመዘገበው የተባለው ነው።»

ወልደሩፋኤል ከኋላ አንገታቸውን ደፉ። ዳኛው ጥርጣሬ የሚያስነሳ ቃል ስለተገኘ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ታፋ ባለበት ይቆይ ብለው አቤቱታውን ዘጉት።

ትንሽ ቆይቶ ከአዛዡ መልእክት መጣ። ታፋ ራሱ በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አጥፍቻለሁ» ካለ ይለቀቃል። ኦቦ ጨመዳ ይህን ይዘው እስር ቤት ሄዱ። በአጥሩ ቀዳዳ ተነጋገሩ።

«ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት። በላትና ውጣ። እኔ ስንት ጊዜ ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብያለሁ።»

«አባ፣ እርስዎ ሲሉት ልመና ነው። እኔ ያልኩት ለት እውነት ይሆናል። ነገ ደግሞ ሌላውን ሰንጣቂ ‹ታፋ እንኳ አምኗል› ብለው ይይዙታል።»

«ድርቤስ?»

ታፋ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «መጋዜን ዘይት ቀብታ ታስቀምጥልኝ። ዝገት እንደ መቶ አለቃው ነው፤ አንድ ጊዜ ከያዘ አይለቅም።»

በኅዳር እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባ። ታፋ ከሞቱት አንዱ ነው። ሬሳውን ለድርቤ ሰጧት። አስፈርመው ነበር የሰጧት፤ በምን ሕግ ይዘውት እንደነበር ግን ያን ጊዜም አልነገሯትም።

በለቅሶው ላይ ለኦቦ ጨመዳ እንደ ወትሮው ከሽማግሌዎች መካከል ቦታ ለቀቁላቸው። አልተቀመጡም። ውጭ፣ ማገዶ ከተከመረበት አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ድርቤ ምግብ ታመጣላቸዋለች እንጂ አታናግራቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ ለሽምግልና ሲጠሯቸው እምቢ አሉ። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች ተደባድበው አንዱ ራሱን ተፈንክቶ፣ ሚስቱ እያለቀሰች ደጃቸው ድረስ መጣች። ወጥተው አጽናኗት። «ልመጣ እችላለሁ፤ መጥቼ ግን ምን እላለሁ?» አሏት።

ከፋሲካ በኋላ ወልደሩፋኤል ዘንድ ሄዱ።

«ያልኩትን ቃል የሚያነሳልኝ ነገር ጻፍልኝ።»

«ኦቦ ጨመዳ፣ ጉዳዩ የታሰረን ሰው አካል ስለማስለቀቅ ነበር። አሁን አካል የለም። አካል ከሌለ ጉዳዩም የለም።»

«ቃሉ ግን አለ።»

ያችን አካልን ነፃ የማውጣት የሕግ ክፍል በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንብቤያታለሁ። አጭርና መልካም ናት፤ ወልደሩፋኤል ካሉት ሌላ እኔም አላገኘሁባትም።

ኦቦ ጨመዳ ያለ ወረቀት ችሎት ገቡ። ድርቤ ሰምታ ተከተለቻቸው። ዳኛው የታፋን ጉዳይ ያዩት ያው ወጣት ነበሩ። የሌላ ሰው ስም ተጠርቶ ባለጉዳዩ ገና ከመቀመጫው ሲነሳ፣ ኦቦ ጨመዳ ቀድመውት ቆሙ። አማርኛ አሳምረው ይችሉ ነበር፤ ያን ለት ግን በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ታፋን ሂን በሌሲኔ» አሉ። ታፋ አላጠፋም ማለት ነው።

አስተርጓሚው ወደ ዳኛው አየ። ዳኛው ብዕራቸውን አንስተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት። «ይቀመጡ አባቴ» አሉ። የባለጉዳዩ ስም እንደገና ተጠራ።

ድርቤ ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው። ቁልቁሉን ሲወርዱ፣ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረቻቸው።

«ጮክ ብለው ነው ያሉት፣ አባ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ዳኛውስ?»

«ዳኛውም ሰምተዋል።»

«ጻፉት?»

«አልጻፉትም» አለች ድርቤ።