የተቆረጠው ሳል

ለራሱ ያወጣው ስም ዲጄ ሚዛን ነው። እናቱ ግን እስከ ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። እንጀራው ሠርግና ልደት ላይ ሙዚቃ ማጫወት ቢሆንም፣ እሱን ከጠየቃችሁት ሥራው ከቀዶ ሕክምና አያንስም።

አንዱ ዘፈን ወጥቶ ሌላው ሲገባ ማንም ማወቅ የለበትም የሚል ሃይማኖት አለው። የሁለቱ ምት እኩል እንዲራመድ አንዱን ያፈጥናል፣ ሌላውን ያዘገያል፤ ቅኝታቸው ካልተዋደደ ደግሞ ጨርሶ አያገናኛቸውም። ላፕቶፑ ላይ የሚስማሙት አረንጓዴ፣ የሚጣሉት ቀይ ይበራሉ። ልጁን የሚድር አባት እንኳ እንዲህ አይጠበብም። ጨፋሪው ይህን ድካም ልብ ብሎለት አያውቅም። እሱ ግን የጎረቤቱ መኪና ጡሩንባ ከሚሰማው ዘፈን ጋር አልተስማማም ብሎ ጎረቤቱን ሰላምታ የነሳ ሰው ነው።

ታናሽ እህቱ ልታገባ ሆነ። ከወንድሟ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዳራሹ ስትገባ የሟች አባታቸው ድምፅ እንዲሰማ። አባትየው የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ጠረጴዛ እየደበደበ ሲዘፍን በካሴት የተቀረጸው ብቻ ቀርቶላቸዋል።

«እማዬ ቀድማ እንዳትሰማ። ደግሞ አደራህን፣ እንዳለ አጫውተው» አለችው።

«እንዳለማ አይሆንም። አባዬ ምት አይጠብቅም። ሲጀምር ይንቀረፈፋል፣ መሐል ላይ ይሮጣል።»

«አውቶቡሱንም እንደዚያው ነበር የሚነዳው፤ ማን ከሰሰው?»

ሚዛን ግን ላፕቶፑ ቀይ ካለ ቀይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉን ዘግቶ የገዛ አባቱን ሲያርም ሰነበተ። የተንቀረፈፈውን ጎተተው፣ ለሮጠው ልጓም አበጀለት፣ ቅኝቱን ከፍ አደረገው፣ ከሥሩ ከበሮ አነጠፈለት። መሐል ላይ አባትየው ይስልና «እ... የት ደርሼ ነበር?» ይላል፤ ከዚያ ባዶ ጸጥታ፤ ከዚያ ይቀጥላል። ሳሉንም፣ ጥያቄውንም፣ ጸጥታውንም ቆርጦ ጣላቸው። በመጨረሻ አረንጓዴው በራ። ሰውየው በሕይወቱ ያላገኘውን ልክ በሞቱ አገኘ።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራዋ ስትገባ የአባት ድምፅ ከመግቢያው ዘፈን ውስጥ ብቅ አለ፤ መገጣጠሚያው አይለይም። እንግዳው ሁሉ በአንድ ምት አጨበጨበ። ሚዛን ምስጋና ፍለጋ ከማጫወቻ ጠረጴዛው አጠገብ ወደተቀመጠችው እናቱ ዞረ። እናቱ ወደ አክስቱ ጠጋ ብላ «ጥሩ ይዘፍናል። ማነው እሱ?» ትላለች።

ክው አለ። እህቱም መሐል መንገድ ላይ ቆማ አፍጥጣ ታየዋለች፤ ያን ዓይን ከልጅነቱ ያውቀዋል። እናም አንድም ቀን ያላደረገውን አደረገ፤ ዘፈኑን አቋረጠው። አዳራሹ ጭጭ አለ። ለዲጄ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

ከዚያ ያልተነካውን ቅጂ ለቀቀ። መጀመሪያ የካሴቱ መንሿሿት፣ ቀጥሎ የጠረጴዛው ድብደባ፣ ቀጥሎ አባቱ፣ እየተንቀረፈፈ። አጨብጫቢው ግራ ገብቶት እጁን ሰበሰበ። እናቱ ግን ብድግ አለች።

አባትየው ሳለ። «እ... የት ደርሼ ነበር?»

ሚዛን ቆርጦት የነበረው ጸጥታ መጣ።

«ከድልድዩ ማዶ!» አለች እናቱ ጮክ ብላ፣ ያን እሑድ ከወጥ ቤት ሆና ስንኙን እንዳስታወሰችው። ያኔ ድምፅዋ ካሴቱ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ነበር።

«ከድልድዩ ማዶ...» ብሎ ባሏ ዘፈኑን ቀጠለ፤ ሳይቀድማት፣ ሳይዘገይባት።

ላፕቶፑ አሁንም ቀይ እንዳበራ ነው። ዲጄ ሚዛን ግን አላየውም፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ይነፋረቅ ነበር፣ ያውም ከምት ውጭ።