የመርዶ ቀን

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። ማንበብ አይችሉም። ከገጠር ዓለም ከተማ ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ሲመጡ ይህ ሦስተኛ የገበያ ቀናቸው ነው። አባታቸው ኮሪያ ዘምተው አልተመለሱም፤ ዘጠና አምስት የሞላቸው እናታቸው ዛሬም ይጠብቃሉ። ሽማግሌው የመጡት አባታቸው የሞቱበትን ቀን አውቀው እናታቸውን ለማርዳት ነው።

ኔትወርኩ ቆመ።

«ይኼም እንደ መሥሪያ ቤቱ ነገ ተመለሱ ይላል?»

የቤቱ ሠራተኛ ሰብለወንጌል ሳቀች። የዘማቾቹ መዝገብ ሲከፈት ግን አንዱን መስመር ደግማ ደጋግማ አነበበች።

«ምነው ልጄ?»

«አባባ፣ አልሞቱም። ከኮሪያ ተመልሰው፣ ከጦሩ በሰላም ተሰናብተዋል። አድራሻቸው ሐረር ነው። የሚስት ስምም አለ፤ የእናትዎ አይደለም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

«ኮሪያ ላይ የወደቀ ሰው የለም?»

«ብዙ አሉ።»

«አንዱ የሞተበትን ቀን ጻፊልኝ።»

እሑድ ማለዳ እናትየው ተረዱ። ሦስት ቀን ተለቀሰ።